ከኮርቻ ላይ የወጣ ስም

አባቷ ስሟን መጥራት ካቆመ ሰነባብቷል። "አንቺ" ነው የሚላት። "አንቺ፣ ሻይ።" "አንቺ፣ በጎቹን አስገቢ።" ወንድሟ ኤልዶስ ከመሞቱ በፊት ቀኑን ሙሉ ስሟ ከአባቷ አፍ አይለይም ነበር፤ ምንም ሳይፈልግ፣ ደስ ስለሚለው ብቻ፣ ከጓሮ ሆኖ ይጣራ ነበር። አሁን ግን ስሟን መጥራት ቁስልን እንደ መንካት ሆኖበታል። እሷም ይገባታል። እንዳይጨነቅ ብላ "አን..." ከማለቱ ከመቀመጫዋ ትነሳለች።

ስሟ ኡልቦልሲን ነው። ወንድ ይሁን ማለት ነው። ሴት በሴት ላይ የተደራረበበት ቤት ለመጨረሻዋ የሚሰጠው ስም ነው፣ ፈጣሪ ሰምቶ ቀጣዩን እንዲያስተካክለው። እንግዲህ አንዲት ሕፃን ዓይኗን በቅጡ ሳትገልጥ ስለ ሌላ ሰው በሚናገር ስም ትጠራለች፤ ያ ሰው ደግሞ ገና አልተፀነሰም። ሲር ዳርያ ወንዝ ዳር ይህ ነገር የሚደንቀው ሰው የለም። በየመንደሩ አንድ ሁለት ኡልቦልሲን አይጠፋም፤ አብዛኞቹም ወንድም ሳያገኙ አርጅተዋል።

እሷ አምስተኛ ናት። የተወለደች ዕለት አባቷ ሴይትካሪም ከበጎቹ ዘንድ ፈረሱን እየጋለበ መጣ። አዋላጇ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችውና "ሴት ናት" አለችው። ከፈረሱ አልወረደም። ልጓሙን እንደያዘ ጥቂት ቆየና "በቃ፣ ኡልቦልሲን በሏት" ብሎ ፈረሱን አዙሮ ወደ መጣበት ሄደ። እናቷ ዘይነፕ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ታሪክ ትነግራት የነበረው እየሳቀች ነው። ለመሳቅ የበቃችው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ኤልዶስ ስለተወለደ ነው።

ኤልዶስ ሲወለድ የትንሿ ልጅ ስም ዋጋ አወጣ። "ስሟ ሠመረ" አለ ጎረቤቱ ሁሉ። ሴት ብቻ የሚወልዱ ሴቶች ከሩቅ መንደር እየመጡ ራሷን ዳበሱ፤ ኪሷን በከረሜላ ሞሉት። አባቷ ገበያ ሄዶ ቀይ ቦት ጫማ ገዝቶ መጣ፣ ለወንዱ ሳይሆን ለሷ። በዚያ ቤት የምትወደደው ወንድሟን ስላመጣች እንደሆነ ልጅም ሆና ታውቅ ነበር። ፍቅር ነውና ከየትም ይምጣ ብላ ተቀበለችው።

ኤልዶስ በኅዳር ሞተ። የወንዙ በረዶ ገና ሳይጠነክር የጭነት መኪናውን ይዞ ሊሻገር ገባና በረዶው ከዳው። ሬሳው የተገኘው ከታች፣ መታጠፊያው ጋ ነው።

የአርባው ቀን መታሰቢያ ዕለት ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። ኡልቦልሲን ከመጋረጃው ኋላ ከሳሞቫሩ አጠገብ ተቀምጣ ሻይ ትቀዳለች። ጆሮዎቿ ላይ ጠፍጣፋ የብር ጉትቻ አለ፤ በመስከረም ወር የእጮኛዋ የቶክታር እናት ኩልያሽ በእጇ ያደረገችላት ነው። ጉትቻ የተደረገላትን ልጅ ሌላ ሰው አይጠይቃትም። ሠርጉ ለበልግ ተቆርጦ ነበር።

ሰዉ በልቶ፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ቤቱ ሳሳ ሲል የኩልያሽ ድምፅ በመጋረጃው በኩል ተሰማ።

"ሴይትካሪም፣ ሐዘኑ የጋራችን ነው። ቸኮለች አይበሉኝ። ግን ልጅቷ ጆሮ ላይ ጉትቻዬ አለ። በረዶው ሲቀልጥ ብንወስዳት ምን ይመስልዎታል?"

"አትሄድም።"

"እንዴት ማለት?"

"ልጅዎ ከፈለጋት ይምጣ። ቤቱ ይኸው ነው። በጉ አለ፣ ድርቆሹ አለ፣ የሚተኛበትም አለ።"

ኡልቦልሲን የያዘችውን ስኒ ሞልታ አፈሰሰችው። እጇን ሲያቃጥላት እንኳ ልብ አላለችም።

"ልጄን ቡችላ አማች ሁንልኝ ነው የሚሉት?" አለች ኩልያሽ። ሚስቱ ቤት ገብቶ ለሚኖር ባል በዚያ አገር ያለው ስም ይኸው ነው፤ ሽማግሌ ቢሆን እንኳ ስሙ አይለቀውም። "ቶክታር የቤቴ መጨረሻ ነው። ታላላቆቹ ከተማ ገብተው ቀሩ። የአባቱን ጎጆ የሚይዘው እሱ ነው። ባሌን ኦስፓንን በእርጅናው ማን ሊጦረው ነው? ደሞ የቤቱን እሳት ማን ያነዳል?"

"የኔንስ እሳት?"

"የአንተን አላጠፋሁትም እኔ፣" አለች ኩልያሽ። እርስዎ ማለቱ ከአፏ ወድቋል። "የሞተው ልጅህ ነው፤ የኔን ልትወስድ ነው?"

 ኩልያሽ ካባዋን ደርባ ስትወጣ መጋረጃው አጠገብ ቆመች። ኡልቦልሲንን አየቻት፣ ከዚያ ጉትቻውን አየችው።

"ከከበደሽ አውልቂው ልጄ" አለቻት። ክፋት አልነበረባትም፤ ደክሟት ነበር።

ኡልቦልሲን የቀረውን ቀን ሳህን እያጠበች ይህን ቃል ስታገላብጠው ዋለች። እናቱ ከራሷ ነው ወይስ ቶክታር ልኳት? ለአርባው እንኳ አልመጣም። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ዓይኑን አላየችውም። ልቧ ልኳት ነው፣ ልኳት ነው ይላታል፤ እሷም ልቧን ዝም ማሰኘት አቃታት።

ቶክታር የመጣው ከሳምንት በኋላ፣ ቀትር ላይ ነው። በጋጣው ውስጥ ድርቆሽ ስትበትን በሩን ሞልቶ ቆመ። ከስቷል። ጢሙ ላይ ውርጭ ይዟል።

"ሳውሌ" አላት።

"እንደሱ አትበለኝ።"

"ምን አጠፋሁ?"

"እናትህ ጉትቻውን አውልቂ አለችኝ። ልከሃት ነው?"

"እኔ?" አለ ቶክታር። ወደ ውስጥ ገብቶ በጎቹ መሃል ቆመ። "እኔ እኮ አባቴን ሳገላብጥ ነው የከረምኩት። ከአርባው ሁለት ቀን በፊት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው። አፉም ተያዘ። ማንኪያ በማንኪያ ነው የማበላው። እናቴ አልነገረችሽም?"

"አልነገረችኝም።"

"ኩሩ ናት። ሰው ያዝንልኛል ብላ።" ፈገግ ሊል ሞከረ። "አንቺ ደግሞ ነርስ ሆነሽ አርግዛለች ወይስ ወፍራ ነው ብለሽ ታማሚ ትለያለሽ፤ ልኬያት ይሁን አይሁን መለየት አቃተሽ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ድርቆሹን ፊቱ ላይ ትበትንበት ነበር። አሁን መሬቱን አየች። በአንድ በኩል ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሳ፤ ወዲያው ደግሞ ሌላው እንዳለ መሆኑ ተሰማት።

"ሳውሌ" ያላት እሱ ነው። ክዚልኦርዳ ከተማ የነርስ ትምህርት ቤት ሳለች እሱ የትራክተር ጥገና ይማር ነበር። ልጆቹ ስሟ በተጠራ ቁጥር "ወንዱስ የታለ?" ይሏታል፤ አንድ ቀን የምግብ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አገኛት። "ሳውሌ ልበልሽ" አላት። "የብርሃን ጮራ ማለት ነው። ስላንቺ የሚያወራ ስም ነው፤ ስለሌላ ሰው አያወራም።" ደብዳቤው ሁሉ ለሳውሌ ተብሎ ይመጣ ጀመር። ሰው በስሟ ሲጠራት እንዲህ ደስ ሊል እንደሚችል ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር። ባለፈው መከር፣ ጉትቻውን ባደረገች ሰሞን፣ የመንደሩ ጤና ጣቢያ ላሉትም "ከእንግዲህ ሳውሌ በሉኝ" አለቻቸው።

"ቶክታር፣" አለች፣ "ስሙን ጣልኩት። ያ ስም ኤልዶስን ያመጣ፣ በሕይወት ያቆመው ስም ነው። እኔ ለጉራዬ ብዬ ጣልኩት፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ሞተ።"

"የሞተው በረዶው ስስ ስለነበረ ነው።"

"በዚያው ቀን ስንት መኪና ተሻገረ? ለምን እሱን?"

"ኡልቦልሲን።" ስሟን ከሱ አፍ ስትሰማው እንግዳ ሆነባት። "አንቺ አልገደልሽውም። ስሚ፣ በስም የሚኖር ሰው የለም።"

"አባቴ ግን ይኖራል። አሁን እኔን አያየኝም። ሲያየኝ የሚያየው ያልሆነለትን ነገር ነው።"

ቶክታር ቀረብ ብሎ እጇን ያዘ። እጁ በረዶ ነው። "እንጥፋ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ፈረሱ ከውጭ ነው። ይዤሽ ልሂድ፤ ሰው ሦስት ቀን ያወራል፣ ከዚያ ይቅርታ ተጠይቆ በግ ታርዶ ያልቃል። ስንቱ እንዲህ አይደለም የተጋባው?"

"አባቴንስ ማን ያየዋል?"

"ይዘነው እንሂድ።"

"አባቴን አታውቀውም? አማቹ ቤት ትራስ ላይ ከሚጋደም፣ ኤልዶስ ጎን ቢቀበር ይሻለዋል።"

"እህቶችሽስ?"

"አራቱም ሰው ቤት ናቸው። ማን ይለቃቸዋል?"

 አንዲት በግ መጥታ የቶክታርን ጓንት ታሸታለች። ኡልቦልሲን ቀና ብላ አየችው። የምትፈልገውን፣ ወደ እኛ ቤት ግባልኝ ማለትን፣ በአፏ አላወጣችውም፤ ሊባል የሚችል ነገር አልነበረም። ግን ዓይኗን አልሸሸገችም፤ እሱም አነበበው። ፊቱ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየችው።

"እናቴ ቶክታር ያለችኝ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ" አለ። "ከኔ ፊት ሁለት ሞተውባታል። ይሄኛው እንኳ ይቁምልኝ፣ ይቆይልኝ ብላ ነው። እኔም እንዳንቺው ነኝ። የሰው ምኞት ተሸክሜ ነው የምዞረው።"

"አውቃለሁ።"

"አውቀሽ ነው የምታዪኝ?"

"አውቄ ነው" አለች ኡልቦልሲን፤ እንዲህ ብላ በመመለሷም አፈረች። እሱ ግን እጇን ሳይለቅ ረጅም ጊዜ ቆመ። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን አድርጋ ሰውን ወዳ አታውቅም።

በማግስቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን መጣ። ልብሱን በአንድ ጆንያ ጠቅልሎ ከኮርቻው ኋላ አስሮታል። ሴይትካሪም በመስኮት አየውና ለመጀመሪያ ጊዜ ኮፍያውን ሳያደርግ ወደ ውጭ ወጣ።

"ኡልቦልሲን!" ብሎ ተጣራ። "ኡልቦልሲን፣ የልጁን ፈረስ ያዢለት። ኡልቦልሲን፣ ያን ነጩን በግ ጎትተሽ አምጪ።"

እሷ ፈረሱን ይዛ ቆመች። ስሟ ተመልሶላታል። ልቧ ዘሎ ዘሎ ወዲያው ተቀመጠ፤ አባቷ የጠራት ከብዙ ዓመት በፊት ቀይ ቦት ጫማውን ሲያደርግላት በነበረው ድምፅ ነው። በቤቱ አሁንም በሷ በኩል አንድ ወንድ ገብቷል። ባል መጣላት ብሎ የተደሰተላት ሰው ግን በግቢው ውስጥ አልነበረም።

"ቤት ምን አሉህ?" አለችው ቶክታርን ጆንያውን ሲፈታ።

"እናቴ ፊቷን አዙራ ጀርባዋን ሰጠችኝ። አባቴ..." ገመዱ አልፈታ አለው። "አባቴ መናገር አይችልም። ልብሴን ስጠቀልል በዓይኑ ሲከተለኝ ነበር። ተይው።"

ከቀትር በኋላ ስጋው በስሎ ወጣ። ሴይትካሪም አብሮ አደጉን ሽማግሌ ጃካንን ለምስክርነት አስጠርቶታል። ጃካን ገና ሲቀመጥ ላቱን አይቶ ምራቁን ዋጠ።

"ሴይትካሪም፣ ይሄን በግ ያረድከው ለኔ ነው ወይስ ጥርስ ላላቸው ሰዎች? የኔስ ሁለት ቀርተውኛል፣ እነሱም አይገናኙም።"

"ላቱ ጥርስ አይፈልግም፣ ብላ።"

ቶክታርን በሩን ፊት ለፊት በሚያየው የክብር ቦታ አስቀመጡት። ዓይኑ ከኡልቦልሲን ጋር ሲገናኝ እንደ መሳቅ አለ። እሷም ሳቀችለት። ለአንድ አፍታ ሊሆን የሚችል ነገር መሰላት፤ እዚያ ተቀምጦ፣ እሷ ሻይ ስትቀዳለት፣ ሰዉ የሚለውን ብሎ እስኪደክመው። ይኼን ያህል ብቻ ነበር የምትመኘው።

ያኔ አባቷ የበጉን ራስ በሳህን አድርጎ ቶክታር ፊት አስቀመጠው። አፍንጫውን ወደሱ አዙሮ ቢላዋ ጎኑ አደረገ።

ጃካን መዳፉን ከላቱ ላይ አነሳ። "ምን መሆንህ ነው?" አለ። "የልጁ አባት በሕይወት አለ እኮ። አባቱ ያለ ወንድ ራስ አይቆርጥም። አንተም እዚህ ተቀምጠህ እያለህ?"

"የኔን ነገር ተወው፣ ጃካን። እኔ በኅዳር ወንዙ ውስጥ ገብቻለሁ" አለ ሴይትካሪም። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። ወደ ቶክታር ዞረ። "ልጄ፣ ስማኝ። ነገ አባትህ ባሰበት ብለው ቢልኩብህ ትሄዳለህ። እናትህ አለቀሰች ቢሉህ ትሄዳለህ። እኔ እንግዳ አልፈልግም፤ ልጅ ነው የምፈልገው። የወዲያ ማዶውን አባትህን እዚህ ቤት ቅበረውና ቁረጥ። ከዚያ ሁሉም ያንተ ነው።"

ቶክታር የበጉን ራስ አየ። ፀጉሩ ተለብልቦ፣ ዓይኑ ተጨፍኖ፣ ይጨስ ነበር። ከዚያ ኡልቦልሲንን አያት። ቁረጥ እንድትለው ሳይሆን፣ ብቻ ሊያያት ያያት ይመስል ነበር። እጁን ዘርግቶ ቢላዋውን አነሳ። 

ኡልቦልሲን ያን ጊዜ የቶክታርን አባት ኦስፓንን በሐሳቧ አየችው፤ አይታው በማታውቀው አልጋ ላይ፣ አፉ ተይዞ፣ ልጁ ልብስ ሲጠቀልል በዓይኑ የሚከተለውን ሰውዬ። አባቷ ከኮርቻ ላይ ሆኖ በሷ ላይ ያደረገውን አሁን እሷ ቶክታር ላይ እያደረገችው ነው። ለሌላ ሰው ቦታ መሙያ ልታደርገው ነው። እሱም እሺ ሊል ነው፤ እሺ የሚለውም ስለሚወዳት ነው። ይህ ነው ከሁሉ የመረራት።

ተነስታ ሄደችና እጁ ላይ እጇን ጫነች።

"ስጠኝ" አለችው።

"ተዪኝ፣ ልቁረጥ።"

"አባትህ በሕይወት አለ፣ ቶክታር። ሂድና አብላው።"

"አንቺስ?"

 ቢላዋውን ከጣቶቹ አወጣችው። ጉትቻዎቹን ተራ በተራ ፈትታ በዚያው መዳፉ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቹን ዘጋቻቸው። እጇ እጁ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ትንሽ ቆየ።

"ሳውሌ" አለ በሹክሹክታ።

"ከኔ ኋላ ለምትመጣዋ እንዲህ ያለ ስም አታውጣላት" አለችው። "ስሟ ምንም ይሁን በሱ ጥራት።"

 ቶክታርን ደግፎ ያስነሳው ጃካን ነው። "ና ልጄ፣ ና፣ ፈረስህ ይበርደዋል" እያለ፣ ጆንያውን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ አወጣው፤ ራሱም አልተመለሰም። በሩ ሲከፈት ብርዱ እስከ ሳህኑ ገባ። ሲዘጋ ደግሞ የፈረሱ ኮቴ በበረዶው ላይ ሲሄድ ተሰማ፣ ወደ ወንዙ። ኡልቦልሲን ኮቴው እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠች። 

"ምን ሠራሽ?" አለ አባቷ። "የቤቴን ወንድ ሸኘሽው?"

"አባዬ፣ ወንዙ ውስጥ ገብቻለሁ አላልክም?" የክብር ቦታው ላይ፣ ቶክታር በተነሳበት፣ ተቀመጠች። ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። "እንግዲያው እዚህ ቤት አባቷ የሞተባት እኔ ነኝ። እኔ እቆርጣለሁ። የትም አልሄድም። በጎቹን እጠብቃለሁ፣ እሳቱን አነዳለሁ፣ አንተንም እቀብርሃለሁ። ልጅ ትፈልግ አልነበር?"

 ሴይትካሪም ሴት ልጅ ከወንድ ፊት ራስ ስትቆርጥ በዕድሜው አላየም። ሊከለክላት እጁን አነሳ፤ እጁ ግን መንገድ ላይ ደከመና ጉልበቱ ላይ ወደቀ። በአርባው እንኳ እንዲህ አርጅቶ አላየችውም። አዘነችለት፣ ደግሞም ጠላችው፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሆነባት።

ከበጉ ቀኝ ጉንጭ ቆርጣ ለአባቷ ሰጠችው። በሁለት እጁ ተቀበላት። ከዚያ ሁልጊዜ አባቷ ሲያደርግ እንዳየችው ቢላዋውን አዙራ የበጉን ጆሮ ቆረጠችው። ጆሮ የልጅ ድርሻ ነው። ራስ በተቆረጠ ቁጥር ከቤቱ ከሁሉ ታናሽ ለሆነው ይሰጣል፤ ኤልዶስ እስኪጎረምስ ድረስ ገና ቢላዋው ሳይነሳ መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቅ ነበር።

ጆሮውን ይዛ ቀና አለች። ማዕዱ ላይ ከአባቷ በቀር ማንም የለም።

"ለልጁ ስጪው" አለ አባቷ ከልማዱ። ብሎ ሳይጨርስ የተናገረው ገባው። የጉንጩን ሥጋ አፉ ውስጥ እንደያዘ ማላመጡን አቆመ።

እሷም ባዶዎቹን ምንጣፎች አንድ በአንድ አየቻቸው። ገና ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። በዚህ ቤት ከእንግዲህ ይህን ጆሮ የምትሰጠው ልጅ እንደማይኖር፣ ይህንንም የወሰነችው ራሷ እንደሆነች አሁን ነው የገባት። ሳህኑ ላይ ልትመልሰው አልቻለችም። በጭብጧ ውስጥ ጨብጣው፣ ከቀብሩም ቀን ጀምሮ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች።